የሮማ ወታደሮች በሰሌዳ ላይ፤ ሕጉ የጠፋ ጨዋታ እንዴት ይለመዳል?

አንድን ጨዋታ መማር ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። የሚያውቀው ከማያውቀው ፊት ይቀመጣል፤ ጠጠሩን ይደረድራል፤ «ይህ በዚህ ይሄዳል፤ ያ በዚያ ይበላል» ይላል፤ ተማሪውም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ጨዋታውን ይለምደዋል። ይህ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየተላለፈ እስከኖረ ድረስ ሕጉን በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው እምብዛም አይገኝም። የሚያስተምረው ሰው ሲጠፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰሌዳው ሳይሰበር፣ ጠጠሩ ሳይጎድል፣ ስሙም በመጻሕፍት ተጽፎ ሳለ ጨዋታው ራሱ ይሞታል።

የጥንት ሮማውያን «ሉዱስ ላትሩንኩሎሩም» ይሉት የነበረው የጦር ስልት ጨዋታ ያገኘው ዕጣ ይህ ነው። በሮማ ግዛት ውስጥ ባለሥልጣኑም ወታደሩም ይጫወተው ነበር፤ ባለቅኔዎች ጠቅሰውታል፤ ፈላስፎች ምሳሌ አድርገውታል። ይሁን እንጂ ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስረዳ አንድም የጥንት ጽሑፍ ለዘመናችን አልደረሰም። በዛሬው ጊዜ ይህን ጨዋታ ለመማር የሚነሣ ሰው መምህሩን የሚያገኘው በተበታተኑ ስንኞች፣ በመቃብር በተገኙ ጠጠሮችና ተመራማሪዎች ባቀረቡት ግምት ውስጥ ነው። ይህ ፍለጋ የቱን ያህል እንደ ተሳካና የት ላይ እንደ ቆመ መመልከት ከጨዋታው ያለፈ ትምህርት ይሰጣል።

ስሙና መልኩ

«ላትሮ» የሚለው የላቲን ቃል በቀድሞ ዘመን በደመወዝ የሚዋጋ ቅጥረኛ ወታደር ማለት ነበር። ደመወዙ ሲቀር መንገድ ላይ እየቆመ መዝረፍ የቅጥረኛ ልማድ ነበርና ቃሉ በኋላ ወንበዴ የሚል ትርጉም ያዘ። «ላትሩንኩሊ» ማለት እንግዲህ ትንንሽ ወታደሮች፣ ወይም ትንንሽ ወንበዴዎች ማለት ነው። ጨዋታው የሁለት ሰዎች ነው፤ የሁለቱ ወገን ጠጠሮች በቀለም ይለያሉ፤ ዓላማውም የተቃራኒን ሠራዊት ከቦ መማረክ ነው። ሮማውያን እጅግ ይወዷቸው ከነበሩት የዳይስ ጨዋታዎች የሚለየው ዕድል የማይገባበት መሆኑ ነው። ያሸነፈም የተሸነፈም ምክንያቱን ከራሱ አሳብ በቀር በሌላ ሊያሳብብ አይችልም።

የጽሑፍ ምስክሮች

ስለ ሰሌዳው ቅርጽ ፍንጭ የሰጠው ሊቁ ቫሮ ነው፤ እርሱም ከ116 እስከ 27 ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረ የሰዋስው ምሁር ነበር። የሚያስገርመው ቫሮ ስለ ጨዋታ ሊጽፍ አለመነሣቱ ነው። የላቲን ስሞች በጾታና በአገባብ እንዴት እንደሚረቡ ለማስረዳት ሰንጠረዥ መሣል አስፈለገው፤ አግድምና ቁልቁል የተሠመሩት መሥመሮች ምን እንደሚመስሉ አንባቢው እንዲገባውም «ላትሩንኩሊ እንደሚጫወቱበት ሰሌዳ» ብሎ አለፈው። ለእርሱ አንባቢ ሰሌዳው ከሰዋስው ይልቅ የታወቀ ነገር ነበር። የዛሬው አንባቢ ግን በተቃራኒው በሰዋስው በኩል ወደ ሰሌዳው ይደርሳል።

ጠጠር እንዴት እንደሚማረክ የሚያሳየው ባለቅኔው ኦቪድ ነው። ኦቪድ ጨዋታውን በፍቅር ጥበብ መጽሐፉ ውስጥ ያነሣል፤ በ8 ከክርስቶስ ልደት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ በአውግስጦስ ትእዛዝ ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ከተጋዘ በኋላም በጻፈው የልመና ግጥም መልሶ ይጠቅሰዋል። ከእነዚህ ቦታዎች ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ አንድ ጠጠር በሁለት የጠላት ጠጠሮች መካከል ሲያዝ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ወደ ፊት የወጣ ጠጠር ብቻውን ሊመለስ አይገባም፤ ጓደኛ ሊከተለው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሕግ ይሁን ምክር ከቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም።

ሰፋ ያለው መግለጫ የሚገኘው በ1ኛው ምዕት ዓመት ፒሶ ለተባለ ባለሥልጣን በተጻፈ የውዳሴ ግጥም ውስጥ ነው። ደራሲው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተወዳሹ ግን በ65 ዓ.ም. በኔሮን ላይ የተጠነሰሰውን ሤራ የመራው ጋይዩስ ካልፑርንዩስ ፒሶ እንደ ሆነ ብዙዎች ይገምታሉ። ገጣሚው የፒሶን ችሎታ ሲያወድስ ከብርጭቆ የተሠሩ ነጭና ጥቁር ወታደሮችን፣ እየሸሸ ጠላቱን የሚያስት ጠጠርን፣ ከሩቅ ጥበቃው ድንገት የሚደርስ ጠጠርን፣ የታሰረ መስሎ ራሱ ሁለት ጠላት የሚያስር ጠጠርን ይዘረዝራል። በመጨረሻም የአሸናፊው ሁለት እጆች በምርኮ ተሞልተው ሲንኳኩ ያሳያል። ከዚህም የተማረከ ጠጠር ከሰሌዳው እንደሚነሣ፣ ከመነሣቱ በፊትም «መታሰር» የሚባል ሁኔታ እንደ ነበረ እንረዳለን።

ከሁሉ የሚበልጠውን ታሪክ የተወልን ፈላስፋው ሴኔካ ነው። በክፉው ንጉሠ ነገሥት በካሊጉላ ዘመን (37–41) ዩልዩስ ካኑስ የተባለ ሰው ሞት ተፈረደበት። በፍርዱና በቅጣቱ መካከል ዐሥር ቀናት ነበሩ። የመቶ አለቃው ሌሎቹን ሟቾች እየነዳ መጥቶ ሲጠራው ካኑስ ላትሩንኩሊ ይጫወት ነበር። ካኑስ አልደነገጠም። ጠጠሮቹን ቈጠረ፤ ባላጋራውን ከሞቴ በኋላ አሸነፍሁ ብለህ እንዳትዋሽ አለው፤ ወደ መቶ አለቃውም ዘወር ብሎ በአንድ ጠጠር መብለጡን እንዲመሰክርለት ጠየቀ። ሴኔካ ይህን የጻፈው የጠቢብ ሰው ነፍስ በሞት ፊት እንዴት እንደምትረጋ ለማሳየት ነው። የጨዋታ ታሪክ ተመራማሪ ግን ሌላ ነገር ያነብበታል፤ ይኸውም ጨዋታው ተቋርጦ ሳለ ማን እንደሚመራ በጠጠር ብዛት ሊታወቅ ይችል እንደ ነበር ነው።

በኋለኛው ዘመን «የነገሥታት ታሪክ» ተብሎ የሚታወቀው፣ ተአማኒነቱ እጅግ የሚያጠራጥር መጽሐፍ፣ በ280 አካባቢ ያመፀው ፕሮኩሉስ ወደ ዙፋን ምኞት የገባው በዚሁ ጨዋታ ምክንያት ነው ይላል። ዐሥር ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ «ኢምፔራቶር» ስለ ተባለ አንድ ቀልደኛ እንደ ንጉሠ ነገሥት ሰገደለት፤ ቀልዱም ወደ ቁም ነገር ተለወጠ ይባላል። ወሬው እውነት ባይሆን እንኳ አሸናፊው በምን ስም ይጠራ እንደ ነበር ይነግረናል። በ636 ያረፈው ጳጳሱ ኢሲዶር ዘሴቪል ደግሞ ጠጠሮቹ ከፊሎቹ በቀጥታ፣ ከፊሎቹ ወዲያና ወዲህ እንደሚሄዱ፣ መንቀሳቀስ ያልቻሉትም የተለየ ስም እንደ ነበራቸው ጽፏል። ነገር ግን ኢሲዶር የጻፈው ጨዋታው ካበበበት ዘመን ብዙ ምዕት ዓመታት ዘግይቶ ስለ ሆነ ራሱ አይቶ ይሁን ከመጻሕፍት ለቅሞ በእርግጥ ለመናገር ያስቸግራል።

ከመሬት የወጡ ምስክሮች

ጽሑፉ ዝም ባለበት ቦታ የአርኬዎሎጂ ቍፋሮ ጥቂት ተናግሯል። በሰሜን እንግሊዝ ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ በሚገኘው የቪንዶላንዳ ምሽግና በሌሎችም ቦታዎች በድንጋይ ላይ የተጫሩ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል 8 በ8 የሆኑ አሉ፤ ሌሎቹ ግን በቤቶቻቸው ቍጥር ይለያያሉ። ይህም ጨዋታው በሁሉም ቦታ አንድ መጠን እንዳልነበረው ያመለክታል።

በ1996 በኮልቸስተር ከተማ አቅራቢያ በስታንዌይ የተገኘው መቃብር ደግሞ የተለየ ነው። ሟቹ የተቀበረው ሮማውያን በ43 ብሪታንያን በወረሩበት ጊዜ አካባቢ ሲሆን፣ አብረውት የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች ስለ ተገኙ «የሐኪሙ መቃብር» ተብሏል። ከመሣሪያዎቹ ጋር አንድ የእንጨት ሰሌዳ ነበረ። እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል፤ የብረት ማዕዘኖቹና ማጠፊያዎቹ ግን ቀርተዋል። በላዩም 13 ነጭና 13 ሰማያዊ የብርጭቆ ጠጠሮች ሊጫወቱባቸው እንደ ተሰናዱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከነጮቹ አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ይህ ግኝት ብዙ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ሆኖም ሟቹ የአገሩ ተወላጅ ሊሆን ስለሚችል ጨዋታው የሮማውያን ነው ወይስ የኬልቶች የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። በ2006 በስሎቫኪያ ፖፕራድ ከተማ አጠገብ ከ4ኛው ምዕት ዓመት የሆነ የአንድ ባላባት መቃብር ሲገኝ እንጨቱ ሳይበሰብስ የቈየ ሰሌዳ ከብርጭቆ ጠጠሮች ጋር ወጣ። እዚህ ላይም ሰሌዳው ተገኘ እንጂ ሕጉ አልተገኘም።

ሕጉን መልሶ የማቆም ሥራ

በ1892 ኤድዋርድ ፎክነር የተባለ እንግሊዛዊ የጥንት ጨዋታዎችን እንዴት መጫወት እንደሚቻል በጻፈው መጽሐፍ ላትሩንኩሊን መልሶ ለማቆም ሞከረ። በ1930ዎቹ የላቲን ምሁሩ ኦስቲን የጥንት ምንጮቹን አንድ በአንድ እየመረመረ በእርግጥ የታወቀውንና በግምት የተጨመረውን ለየ። በ1952 የሰንጠረዥ ታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ መሪ ጨዋታውን ከሌሎች የዓለም የሰሌዳ ጨዋታዎች ጋር አነጻጽሮ አጠና። በ1960 ደግሞ በሙያው የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ቤል ለብዙ አንባቢ የሚመች የሕግ ዝርዝር አወጣ። በቤል ሕግ እያንዳንዱ ወገን «ዱክስ» ማለትም የጦር መሪ የሚባል የተለየ ጠጠር አለው። ይህ ጠጠር ጨዋታውን ስላሳመረው በብዙ ቦታ ተለመደ፤ ለመኖሩ ግን በጥንት ጽሑፎች ውስጥ ግልጽ ማስረጃ የለም።

በ1994 ጀርመናዊው የጨዋታ ታሪክ ምሁር ኡልሪኽ ሼድለር ያቀረበው ሕግ ለጥንቶቹ ምስክሮች ይበልጥ የቀረበ ነው። በእርሱ አቀራረብ የጦር መሪ የለም፤ ጠጠሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ተጫዋቾቹ በመጀመሪያ በየተራ አንድ አንድ ጠጠር ባዶ ቤት ላይ ያስቀምጣሉ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ አንድ ጠጠር ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን አንድ ቤት ይሄዳል፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ባዶ ከሆነም በጠጠር ላይ ዘሎ ያልፋል። በሁለት ጠላቶች መካከል የተያዘ ጠጠር ወዲያው አይነሣም፤ መጀመሪያ ይታሰራል። አሳሪዎቹ እስከሚቀጥለው ተራ ሳይታሰሩ ከቈዩ ብቻ ይነሣል። ከሁለቱ አሳሪዎች አንዱ ራሱ ከታሰረ ግን እስረኛው ነጻ ይወጣል። አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ወገን ተሸናፊ ነው። ለፒሶ የተጻፈው ግጥም ስለ ታሰረና ስለሚያስር ጠጠር የሚናገረው በዚህ ሕግ ትርጉም ያገኛል።

ከ2018 እስከ 2023 በኔዘርላንድስ በማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ በካሜሮን ብራውን መሪነት የተካሄደው ምርምር ኮምፒዩተርን አሠማራ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ የጠፋ ጨዋታ ሊሆኑ የሚችሉ ብዙ የሕግ ዝርዝሮች ይዘጋጃሉ፤ ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ ሕግ ከራሱ ጋር ደጋግሞ ይጫወታል፤ ከዚያም ጨዋታው ያልቃል ወይስ አያልቅም፣ ለጀማሪው ያደላል ወይስ አያደላም የሚለው ይመዘናል። ይህ ዘዴ የማይሆነውን ሕግ ለመጣል እጅግ ይጠቅማል። የሚሆነው ሕግ በእርግጥ የነበረው መሆኑን ማረጋገጥ ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

ለመማር የሚቀመጥ ሰው

በሼድለር ሕግ ለመጫወት የሚቀመጥ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሠራው ስሕተት ጠጠሮቹን መበተን ነው። ብቻውን የቆመ ጠጠር በአራት በኩል ክፍት ስለ ሆነ በአግድምም በቁልቁልም ሊያዝ ይችላል። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ የቆመ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሰጋዋል። ሁለት ጠጠሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ በአግድም ሊያዙ አይችሉም፤ ጠላት የሚቆምበትን አንዱን ቤት ጓደኛ ይዞታልና። አራት ጠጠሮች ሁለት በሁለት ሆነው ሲገጥሙ ደግሞ እያንዳንዱ በአግድምም በቁልቁልም ጓደኛ ስላለው ከቶ ሊታሰሩ አይችሉም። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ኦቪድ ጠጠር ያለ ጓደኛ አይመለስ ያለበትን ምክንያት ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። የሁለት ሺህ ዓመት ስንኝ በሰሌዳው ላይ ሥራ ሲሠራ ይታያል።

ሆኖም ከዚሁ እውቀት አንድ ችግር ይወለዳል። ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠራቸውን በአራት በአራት አጥረው ከተቀመጡ ማንም ማንንም መያዝ አይችልም፤ ጨዋታውም መቋጫ ያጣል። ሮማውያን ይህን እንዴት ይፈቱት ነበር? የካኑስ ቈጠራ አንድ መንገድ ይጠቁማል፤ ጨዋታው ሲታነቅ ብዙ ጠጠር ያለው ያሸንፍ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ወይም ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ እንደ ፈሪነት ይቈጠርና ተመልካቹ ያፌዝበት ነበር ይሆናል። የመጀመሪያው በሕግ ዝርዝር ሊሰፍር ይችላል። ሁለተኛው ግን የነውርና የክብር ጉዳይ ስለ ሆነ ድንጋይም ብርጭቆም አይመሰክሩለትም።

ከአገራችን ጨዋታዎች አንጻር

እንዲህ ያለ ነውርና ክብር በጨዋታ ውስጥ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማወቅ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ መመልከት ይበቃል። በ16ኛው ምዕት ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በትግሬው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታው እንዴት እንደ ነበረ ገልጧል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የተወው መግለጫም ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ሃሮልድ መሪ በ1913 ባወጣው የሰንጠረዥ ታሪክ እነዚህን ምስክርነቶች ሰብስቦ ተጠቀመባቸው። በ1971 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ፣ እንዲሁም ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናቶችን አቀረቡ።

ከእነዚህ ምስክርነቶች እንደምንረዳው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ ነበረው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የማሸነፊያውም መንገድ በክብር ይለያይ ነበር። ንጉሡን በአንዳንድ ጠጠሮች መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ በሌሎቹ መያዝ ግን አድናቆት ያስገኝ ነበር። ተመልካቾችም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ጮክ ብለው ይመክራሉ፤ ይከራከራሉ።

እነዚህ ተጓዦች ባይጽፉ ኖሮ ምን ይቀር ነበር? ሥሪት የተሠመረበት ጨርቅና ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ የተጠረቡ ጠጠሮች ብቻ ይቀሩ ነበር። እነዚህን ያገኘ አርኬዎሎጂስት 8 በ8 ቤትና 32 ጠጠር ይቈጥርና ጨዋታው በዓለም እንደ ታወቀው ቼዝ ነው ብሎ ይደመድማል። ወረራን ከጨርቁ ላይ ሊያነብበው አይችልም። ኮምፒዩተሩም ሁለት ሰዎች ያለ ተራ በአንድ ጊዜ እጃቸውን የሚሰነዝሩበትን ሕግ ከአማራጮቹ መካከል አይመዘግበውም፤ ይህን እንዲያስብ የሚነግረው የለምና። ሰንጠረዥ በ1930ዎቹ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ከግብር ቤትና ከባላባት አዳራሽ እየጠፋ ሄደ። ዛሬ የሚታወቀውም በአብዛኛው የተጻፈውን ያህል ነው።

የገበጣ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ተጫዋቾቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። በአፍሪካ ቀንድ ባለ ሁለት ረድፍ ብቻ ሳይሆን ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣም ይገኛል፤ ይህ ባለ ሦስት ረድፍ ዓይነት የአካባቢው መለያ ነው። የጕድጓዱ ቍጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ አጀማመሩና አበላሉ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከመንደር መንደር ይለያያል። እረኛ መሬት ቈፍሮ፣ ሽማግሌ ከእንጨት አስጠርቦ ይጫወተዋል። ከፓንክረስት ጥናት በኋላ ያለፉት ዐምሳ ዓመታት ግን ሽማግሌዎችን ወስደዋል፤ ልጆችንም ወደ ሌላ መዝናኛ መልሰዋል። በአንድ ቀበሌ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው የገበጣ ዓይነት ያ ሰው ሲያልፍ እንደ ላትሩንኩሊ ይሆናል። ጕድጓዱ በድንጋዩ ላይ ይቀራል፤ የሚያጫውተው ግን አይኖርም።

የላትሩንኩሊ ታሪክ ለመዝጋቢው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያስተምራል። ሮማውያን ጸሐፊዎች የተዉት ዝርዝር ሁሉ ጨዋታውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የተነገረ ነበር፤ ስለዚህም እጅግ ግልጽ የመሰለው ነገር፣ ማለትም ማን እንደሚጀምር፣ ስንት ጠጠር እንደሚያዝ፣ ጨዋታው ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ፣ ከነጭራሹ አልተጻፈም። በትምህርት፣ በጤና፣ በግብርናም ሆነ በምሕንድስና ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ባለሙያ ገበጣ ሲጫወቱ ካገኘ ሊጽፈው የሚገባው ይህንኑ ተራ የሚመስለውን ነገር ነው። የጕድጓዱንና የጠጠሩን ቍጥር፣ የመጀመሪያውን እርምጃ፣ የሚከለከለውን፣ የመጨረሻውን ቈጠራ፣ በጠብ ጊዜ ማን እንደሚዳኝና በምን ቃል፣ አሸናፊው ምን እንደሚባልና ተሸናፊው በምን እንደሚቀለድበት፣ የቦታውን ስምና ቀኑን ጨምሮ ማስፈር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ተጫውቶ መሸነፍም ይጠቅማል፤ የተረሳው ሕግ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በስሕተት ሲነኩትና ባለቤቱ «እንዲህማ አይሆንም!» ሲል ነውና።